ስለ አማቴ የሰጠሁት ቃል እንዲታረምልኝ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኦክቶበር 14 ቀን 2025

ለአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት
ለአቤቱታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አማቴ ወይዘሮ የሺሀረግ ደምሴ በድጋሚ እንዲታዩልኝና እኔ በቤተሰብ ተንከባካቢነት እንድመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የክፍሉ ኃላፊ፣

ስሜ ጸዳለ ወልደአምላክ ነው። የምኖረው ላንድማርክ ሰፈር ከባለቤቴ ከአቶ ፍሰሐ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ የሺሀረግና ከልጄ ከሐሴት ጋር ነው። ከዚህ ቀደም ስለ አማቴ ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከተችው ትልቋ ልጄ ቤዛዊት ፍሰሐ ነበረች። ቤዛዊት ባለፈው ጁን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በእሷ ምትክ ሆኜ ሳይሆን በራሴ ስም ነው። በማመልከቻው ላይ የተሳሳተውን ቃል የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ማረም ያለብኝም እኔ ነኝ።

በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከእናንተ በመጣው ደብዳቤ ጀርባ ላይ፣ በራሳችሁ ቋንቋ መጻፍ ትችላላችሁ የሚል ቃል በአማርኛ አንብቤያለሁ። እንግሊዝኛ ለሥራዬ የሚበቃኝን ያህል እናገራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ግን አልችለውም። እስካሁን ቢሮ ገብተው የሚናገሩልኝ ልጆቼ ነበሩ። ይህን ግን ልጄ እንድትጽፍልኝ አልፈለግሁም። ትምህርቴ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። በአማርኛ ከጻፍኩም ቆይቻለሁ። በሥራ ቦታ እረፍት ሲሰጠኝ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ነገር ቢያገኙበት በዚህ ምክንያት ነው።

1. ስለ አማቴ ሁኔታ

ወይዘሮ የሺሀረግ አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለን አመጣናቸው። ሲመጡ ብርቱ ነበሩ። አውቶቡስ ይዘው ለብቻቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ እኔ መንገድ ሲጠፋኝ እሳቸው ያሳዩኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መነጽር ነበር፣ ቀጥሎ ምድጃ ሆነ። አሁን የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ማንኪያ ወደ አፍ ማድረስ፣ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ያለ ሰው አይሆንላቸውም። ሽንታቸውን አይቆጣጠሩም። ገላቸውን የሚታጠቡት በሰው እጅ ነው። ከወንበር ሲነሱ ካልተደገፉ ይወድቃሉ፤ ወድቀውም ያውቃሉ። በሩ ካልተቆለፈ ኮሪደር ላይ ወጥተው ቆመው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። ጎረቤት ሲያልፍ “የቴሌ ሰርቪስ አለፈ እንዴ?” ብለው ይጠይቃሉ። አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው አለ ፎቁ ላይ፣ ምን እንደሚሉት ባያውቅም እጃቸውን ይዞ ወደ በራችን ይመልሳቸዋል።

ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ወገባቸው ይቀናል፣ ድምፃቸው ይጠራል። ያን ሁሉ ዘመን ሰውን በድምፅ ብቻ ሲያስተናግዱ የኖሩ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶባቸው እሱ አልጠፋባቸውም። እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ደህና ሰው ናቸው። ሲወጣ ማን እንደነበር ይጠይቁናል።

2. ስለ ቤታችን

ባለቤቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ዳይፐር መቀየርና ያደረግሁትን በቻርት ላይ መሙላት ነው። ይህን የምጠቅሰው፣ ኋላ የምጽፈውን ጥፋት “ሳታውቅ ነው” ተብሎ እንዳይቀልልኝ ነው። ስለ አንድ አረጋዊ “በራሱ ይታጠባል” እና “በሰው እርዳታ ይታጠባል” በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በየቀኑ እጽፈዋለሁ።

አማቴ ብቻቸውን መዋል የማይችሉበት ጊዜ ሲመጣ እኔም ባለቤቴም ሥራ ነበርን። ሐሴት ሃይስኩል ነበረች። ቤዛዊት ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን ትማር ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ፣ “አንድ ሴሚስተር ልቅርና እማማን እኔ እይዛታለሁ፣ እስከዚያ መላ እንፈልጋለን” አለች። በቤታችን ማንም ሰው ተቀመጪ አላላትም። አትቀመጪም ያላት ሰው ግን አልነበረም። ባለቤቴ ሳህኑን አየ፣ እኔም ሳህኔን አየሁ። ሴሚስተሩ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ መላውንም አልፈለግንም። ልጅቷ እዚያው ስለነበረች መላ የተገኘ መስሎን ኖርን።

3. ማመልከቻው እንዴት እንደገባ

የቤዛዊት ጓደኛ ሶሊ ስፕሪንግፊልድ ነው የምትኖረው። አባቷን የምትይዘው እሷ ናት፤ መንግሥትም በተንከባካቢነት መዝግቧት ይከፍላታል። ቤዛዊት ከእሷ ሰምታ ወረቀቱን ይዛ መጣች። የሚታየው የእማማ ገቢ ነው እንጂ የእናንተ ደመወዝ አይደለም፣ ቤተሰቡ ቢሠራም ይፈቀዳል ብላ አስረዳችን።

ባለቤቴ አልወደደውም። እናቴን ልጄ ስላጠበች መንግሥት ይክፈለኝ ብዬ እጄን ልዘርጋ ወይ፣ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል አለ። እኔም ከእሱ ጋር ሆንኩ። አናንዴል ያለችው እህቴ አየለች፣ ሁለት ሰው የሚሠራበት ቤት ለችግረኛ የተባለውን ሲወስድ አያምርም ብላኝ ነበርና ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ዘንድ ወላጅን መጦር ምርቃት የሚገኝበት ነገር ነው፤ ደመወዝ ሲገባበት ምርቃቱ የሚጎድል መሰለን። ያን ምርቃት ለማግኘት ግን ባለቤቴም እኔም እጃችንን አላስነካንም። ስትጦር የነበረችው ልጅቷ ናት።

ቤዛዊት አባቷን በሳቅ ነው ያሸነፈችው። “አባዬ፣ ማሚ የፈረንጅ እናት አጥባ ሲከፈላት ደስ ብሎህ ትበላ የለ? የኛዋ እናት ሳሙናዋ ሌላ ነው?” አለችው። ሳቀና ፈረመ።

4. የጽሕፈት ቤትዎ ነርስ ቤታችን የመጡበት ቀን

የአቤቱታዬ ዋና ነገር ይህ ነውና ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ነርሷ እንደሚመጡ አስቀድሞ ተነግሮን ነበር። እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ጠዋት ከቤዛዊት ጋር ሆነን አማቴን አጠብናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ አለበስኳቸው፣ ፀጉራቸውን አበጠርኩ፣ የወርቅ ጉትቻቸውን አደረግሁላቸው። ከአልጋቸው አጠገብ የሚቀመጠውን የሽንት ወንበር ወስጄ በረንዳ ላይ በአንሶላ ሸፈንኩት። ዳይፐሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከኮቶች ኋላ ከተትኩ። የሚይዙትን መራመጃ ሳይቀር ከሳሎን አወጣሁ። ቤዛዊት ይህን ሁሉ ስሠራ እያየች፣ “ማሚ፣ የምትመጣው እኮ ልታየው ነው” አለችኝ። እንግዳ በሽንት ሽታ አይቀበሉም ብዬ መለስኩላት። ድፎ ዳቦም ጋግሬ ነበር።

ነርሷ ጥሩ ሰው ነበሩ። ሲገቡ አማቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቆሙ። ቤዛዊት ከኋላ ቀሚሳቸውን ይዛ ነበር፤ ነርሷ አላዩም። አማቴ በዚያ በቴሌ ድምፃቸው “ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም” አሉ። ዳቦ ይቅረብላት ብለው አዘዙ። ነርሷ በሥራ ላይ መብላት አይፈቀድልኝም ሲሉ፣ አማቴ በአማርኛ፣ “እኔም ሥራ ላይ አልበላም ነበር፣ ግን ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ እበላ ነበር” አሉና ሁላችንንም አሳቁን። እንዴት ነዎት ሲባሉ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ አሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰውም የሚመልሰው እንዲሁ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። ቤዛዊት አስተርጓሚ ነበረች። ነርሷ ገላዎን በራስዎ ይታጠባሉ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቤዛዊት በአማርኛ አስተላለፈችው። አማቴ ጥያቄው ሲገባቸው አየሁ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። እማማ ብዬ ስጠራቸው የኖርኩት፣ ቀና ብዬ ተናግሬያቸው የማላውቅ ሴት ናቸው። በራሳቸው ቤት፣ በእንግዳ ፊት፣ እያዩኝ፣ “አይችሉም፣ ይሸናሉ” የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

“ራሳቸውን ችለው ይታጠባሉ በያት” አልኩ።

ቤዛዊት ዞር ብላ አየችኝ።

“በያት እንጂ” አልኳት።

እሷም አለቻቸው። ነርሷ ጻፉ። ስለ ልብስ ሲጠይቁ ይለብሳሉ፣ ስለ ሽንት ቤት ሲጠይቁ ምንም ችግር የለባቸውም፣ ስለ መውደቅ ሲጠይቁ ወድቀው አያውቁም አልኩ። ልጄ ሁሉንም እንዳልኩት ተረጎመችው። እውነቱን በእንግሊዝኛ ብትናገር እኔ ግማሹን እንኳ አልሰማትም ነበር። ልትናገር ትችል ነበር። እናቷን ውሸታም ላለማድረግ ብላ የእኔን ውሸት በራሷ አፍ ተናገረች። እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኋት።

ነርሷ ከወጡ በኋላ ማድ ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ “ማሚ፣ እማማ ራሷን ችላ ከታጠበች እኔ ጠዋት ጠዋት ማንን ነው የማጥበው?” አለችኝ።

ዝም በይ፣ ይሰማሉ አልኳት። የሰጠኋት መልስ ይህ ብቻ ነው።

5. ስለ ውሳኔው

ከዚያ በኋላ በመጣው ደብዳቤ ወይዘሮ የሺሀረግ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ያለ እርዳታ ማከናወን ስለሚችሉ ተንከባካቢ አያስፈልጋቸውም ተብሏል። ውሳኔው ስህተት ነው አልልም። በተነገራችሁ መሠረት ትክክል ነው። እኔም በሥራ ቦታዬ እንዲህ ያለ ቻርት ቢሰጠኝ ይህች ሴት ደህና ናት ብዬ አልፋለሁ።

ቤዛዊት ይግባኝ እንጠይቅ፣ ይህን ጊዜ አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው፣ እኔ ልተርጉምልሽ ብላኝ ነበር። ትንሽ ቆይ አልኳት። ውሸት ተናግራ ነበር መባሉን ፈራሁ፤ የሥራ ፈቃዴንም ይነኩብኛል ብዬ ፈራሁ። ቀነ ገደቡ በዚህ መካከል አለፈ። አቤቱታዬ የዘገየበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

6. ስለ ልጄ ሞት

ይህን ክፍል ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን አማቴ ብቻቸውን መዋል አለመቻላቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለኝም።

በፀደይ ወራት ቤዛዊት ግራ እግሬን ያመኛል ትል ነበር። አብጦም አይቼዋለሁ። እማማን ስታነሺ ነው፣ እኔም ሰው ሳነሳ ስውል ያብጣል ብዬ በቪክስ አሸሁላት። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛ ነበር። በዚያ ቀን ሺፍቴን የሚቀይረኝ ሰው አጣሁ፣ አባቷም ደንበኛ ነበረው፣ እማማን የሚይዝ ስላልነበረ ቀጠሮውን ሰረዘችው። ሌላ ያዘች። እሱንም እንዲሁ ሰረዘችው። አንድም ቀን አላማረረችም። ብታማርር ኖሮ እሰማት ነበር ብዬ ለራሴ እናገራለሁ፤ እሰማት እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ያረፈች ዕለት እማማን ገላ እያጠበች ነበር። ባለቤቴ ለምሳ ሲመለስ ውሃው ሲወርድ ሰማ። አማቴ የገላ ወንበራቸው ላይ ራቁታቸውን ተቀምጠው ነበር፣ ቀዝቅዘው ይንቀጠቀጡ ነበር። ቤዛዊት ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ነበረች። አማቴ ልጃቸውን ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “ልጅቷ ደክሟት ተኝታለች። ውሃውን ዝጋና እንዳትቀሰቅሳት” አሉት።

የረጋ ደም ከእግሯ ወደ ሳንባዋ ሄዶ ነው ተባልን። ሐኪሙን፣ በቀጠሮዋ ብትሄድ ኖሮ ይገኝላት ነበር ወይ ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅሁት። ላይገኝም ይችል ነበር አለኝ። አመሰገንኩት። ለእኔ አዝኖ ይሁን፣ እውነት ሆኖ ይሁን አላውቅም። በዚያ ሰዓት እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ላይ ነበርኩ።

7. ከዚያ ወዲህ ያለው ሁኔታ

መርዶውን ለአማቴ አልነገርናቸውም። ሐኪማቸውም ቢነገራቸው ይረሱታል፣ እንደገና ሲነገራቸው እንደ አዲስ ያዝናሉ ብሎናል። በቤታችን ማልቀስ ስላልቻልን ለቅሶ የተቀመጥነው አናንዴል እህቴ አየለች ቤት ነው። ሰዉ ሁሉ እዚያ መጣ። ሶሊም መጥታ ከእህቴ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። የቤዛዊት እህት ግን ለቅሶው ላይ አልነበረችም። ሐሴት ላንድማርክ ቤት ቀርታ እማማን ትይዝ ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበረንምና። ለእህቷ ያላለቀሰች ልጅ ሆና ቀረች። ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሐሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚህ ነው የተወለደችው፤ ስናገራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ኦገስት ላይ ኮሌጅ መጀመር ነበረባት፣ ዶርም ሁሉ ተሰጥቷት ነበር። አልሄደችም። ለምን ስላት “አይ ጋት ኢት፣ ማሚ። አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው” አለችኝ። የመጀመሪያው ‘እኔ አለሁ’ ማለቷ ነው፤ የመጨረሻውን በአማርኛ ነው ያለችው። ይህን ቃል ከማን እንደሰማችው እሷም እኔም እናውቃለን።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገላ መታጠቢያው በር ላይ አይቆምም። ታክሲውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ይገባል። እሱን ለመክሰስ አልጻፍኩትም። ከእሱ እርዳታ እንደማይጠበቅ እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው።

8. የምለምነው

አንደኛ፣ አቤቱታዬ ዘግይቷል ተብሎ እንዳይመለስብኝና ወይዘሮ የሺሀረግ በድጋሚ እንዲታዩልኝ እለምናለሁ። የሐኪማቸው ደብዳቤና የመውደቃቸው የሆስፒታል ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። የልጄም የሞት ምስክር ወረቀት አለ።

ሁለተኛ፣ ነርሷ ሲመጡ አስተርጓሚ ከጽሕፈት ቤትዎ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። ልጄ እንድትተረጉም አልፈቅድም። ስለ አማቴ ገላና ሽንት የሚጠየቀው እሳቸው በማይሰሙበት፣ ማድ ቤት ወይም ኮሪደር ላይ ቢሆንልኝ ሁሉንም ሳልቀንስ እናገራለሁ። በፊታቸው ከሆነ ግን እንደገና እንዳልዋሽ ራሴን አላምነውም። ነርሷ እንደገና ቢመጡ አማቴን ጠዋት አላጥባቸውም፣ የሽንት ወንበሩም ካለበት አይነሳም። ዳቦ ግን ይኖራል፤ ይህንን መተው አልችልም።

በቤቱ ውስጥ የሟች ልጄ ስም በአማቴ ፊት እንዳይነሳም እለምናለሁ።

ሦስተኛ፣ ከተፈቀደልኝ ተንከባካቢ ሆኜ የምመዘገበው እኔ እንድሆን ነው። ለአለቃዬ ነግሬያት በሳምንት መጨረሻ ቀናት ብቻ እንድሠራ ተስማምታልኛለች። ሌላውን ቀን ሁሉ እቤት እሆናለሁ። ሥራውን አውቀዋለሁ። ቤዛዊት ለያዘችበት ዘመን ይከፈለኝ ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ያሉኝ ሰዎች አሉ። የዚያ ዘመን ክፍያ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል?

አራተኛ፣ በውሸት ቃል የሚያስጠይቅ ነገር ካለ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አማቴ የሚናገሩትን አያውቁም። ልጄም የተናገረችው የእኔን ቃል ነው። በፋይሉ ላይ “ተንከባካቢ አያስፈልግም” ከሚለው አጠገብ፣ ቤዛዊት ፍሰሐ እኚህን ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ትይዝ እንደነበር ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል። ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነ ግን ይህኛው ይቅር።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ጨምሬ አበቃለሁ። የሐሴት ኮሌጅ ቦታዋን እስከ ጃንዋሪ ይዞላታል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል።

አማቴ ጠዋት ሲነቁ የሚጠሩት “ቤዛ” ብለው ነው። ከቀብሩ በኋላ መልስ ሲያጡ ተጨንቀው አልጋውን ለቀው ሊወርዱ ሲሉ፣ ሐሴትን “አቤት በያቸው፣ ምን ቸገረሽ፣ ይረጋጉ” ያልኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እያለቀሰች ነበር የምትለው። በኋላ ሳታለቅስ ማለት ጀመረች። ባለፈው እሑድ ልብስ ሳጥፍ በራሷ ስም ጠራኋት፣ ሐሴት ብዬ፣ ደግሜም ጠራኋት። አልመለሰችልኝም። ከጓዳ አማቴ “ቤዛ” ሲሉ ግን “አቤት፣ እማማ” ብላ ተነሳች።

እባክዎ ቀጠሮውን ከጃንዋሪ በፊት ያድርጉልኝ።

በትልቅ አክብሮትና በእናት ሰላምታ፣

(ፊርማ)
ጸዳለ ወልደአምላክ